ዳንግላ በእንጅባራ የተለወጠች ዕለት

በቀደም ለፈረስ በዓሉ እኔና ባለቤቴ የሻረግ ከዳንግላ እንጅባራ በሚኒባስ ሄደን ነበር። ረዳቱ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራት አድርጎ ደረደረንና «አባባ ትንሽ ጠጋ ይበሉ፣ ቅርብ ነው እኮ!» አለኝ። ቅርብ ነው! ልጁ ምን ያድርግ፣ እውነቱን ነው፤ ዛሬ ቅርብ ነው። ድልድዩን ስናልፍ አንገቴን አስግጌ ላየው ብል አጠገቤ የተቀመጠው ጎረምሳ ኔትወርክ ጠፍቶበት ስልኩን መስኮቱ ላይ ለጥፎ ከለለኝ። ድሮ ለመሻገር ሦስት ዓመት የፈጀብኝን ድልድይ አንዴ አስሎኝ ሳልጨርስ አለፍነው። የሻረግ ብቻ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ አማተበች። ሌላው ተሳፋሪ የሚያወራው ስለ ከሰል ዋጋ ነበር።

ከሜዳው ስንደርስ ፈረሱ ጉድ ነው። ዳማው፣ ቦራው፣ አምባላዩ፣ ሁሉም በቀይና በቢጫ ጥልፍ ተሸልሟል፤ ወጣቶቹም ላዩ ላይ ተኮፍሰዋል። የሻረግ «እኔ ጉልበቴ አልቻለም» ብላ ከጥድ ሥር ስትቀመጥ እኔ ወደ ገመዱ ጠጋ አልኩ። አንዱ ፈረስ ሮጦ መጥቶ አጠገቤ ቆመና ፊቴ ላይ ተነፈሰ። ያ ሽታ! የፈረስ ላብ፣ የሞቀ ኮርቻ፣ የተረገጠ ሣር። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ባለፈረሱ ወጣት ደንግጦ «አባባ፣ ረገጠዎት እንዴ?» አለኝ። «የለም ልጄ፤ ይልቅ ያዝ አድርግልኝ፣ ላሽተው» አልኩት። ሳቀብኝ። ይሳቅ። በሱ ዕድሜ ስልሳ ፈረስ ይዤ ያን ድልድይ ለመሻገር ምን እንዳየሁ እሱ በምን ያውቃል።

ለልጅ ልጆቼ ስነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል። ያኔ ዳንግላ የእንግሊዝ፣ እንጅባራ የጣሊያን ነበረች። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ሁለቱም በየራሳቸው አቆጣጠር ይጽፉ ነበር፣ እኛ ግን ነገሩን ሁሉ የምናስታውሰው በጥምቀትና በመስቀል ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው ድልድይ ላይ ኬላ ነበር። ከኬላው ወዲህ ሽልንግ፣ ከኬላው ወዲያ ሊሬ። ወዲህ ሻይ በወተት፣ ወዲያ ማኪያቶ። ዳንግላ ገበያው ጥግ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ አንድ ብርጭቆ ሻይ ከነቂጣው በአሥር ሳንቲም ትጠጣለህ፣ ከፈለግህም ግራሞፎን እየሰማህ ከሰዓቱን ታሳልፋለህ። ሸክላው አንድ ቦታ ተጭሮ ስለነበር ዘፋኟ «ናልኝ፣ ናልኝ፣ ናልኝ» ስትል ትውላለች፤ መርፌውን ተነሥቶ የሚያነሳላት ሰው የለም፣ ሁሉም ለምዶታል። ከወዲያ ማዶ ደግሞ አኮርዲዮን ነበር የሚሰማው፣ ንፋሱ ወደኛ ሲሆን ድልድዩ ድረስ ይመጣ ነበር። ልብሳችንም ያስታውቅ ነበር። የዳንግላ ወንድ ካኪ ቁምጣ ከነረጅም ካልሲው፣ የእንጅባራው ተነፋነፍና ሰፊ ባርኔጣ። ሰውየውን ከሩቅ አይተህ የማን እንደሆነ ታውቃለህ። አፉን ሲከፍት ግን ያው ነን፤ በአገውኛ እንጣላለን፣ በአማርኛ እንታረቃለን፤ አንዳንዴም በተገላቢጦሽ።

እኔ ባለጋሪ ነበርኩ። ዛሬ ዳንግላ ውስጥ ባጃጅ የሚርመሰመስበት መንገድ ሁሉ ያኔ የኛ ነበር። አሁንም ጋሪ አልጠፋም፣ ግን ያ ባለ ሦስት እግር ጥሩምባውን እየነፋ ጥግ አስይዞታል። ከገበያው እስከ ኬላው ለአንድ ሰው ግማሽ ሽልንግ፣ ከነጓዙ አንድ ሽልንግ፤ ነፍሰ ጡር በነጻ። ታዲያ የእንግሊዝ ሕግ መንገድን በግራ ያዙ የሚል ነው። ቀኝ የያዘ ጋሪ ከተገኘ አለንጋው የሚያርፈው ፈረሱ ላይ ሳይሆን ባለቤቱ ላይ ነበርና ፈረሶቻችንን በደንብ አስተምረናቸዋል። ሰክረን ብንተኛ እንኳ ግራቸውን ይዘው ቤታችን ያደርሱን ነበር። ሁለተኛው አመላቸው ደግሞ እጁን ያነሣ ሰው ካዩ ቀጥ ብሎ መቆም ነው፤ መንገደኛ መስሏቸዋ! የእንጅባራ ሰው ግን ለጋሪ ያለው ንቀት ለጉድ ነው። ለሱ ፈረስ የሚጋለብ እንጂ እንጨት የሚጎትት አይደለም።

የሻረግን ያገኘኋት እዚያው ድልድይ መሀል ነው። ወዲያ ማዶ በቀኝ ስለሚነዳ ጋሪያችን ኬላውን አያልፍም። ከእንጅባራ በኩል የሚመጣ ቀርከሃ በሰው ትከሻ ድልድዩ መሀል ድረስ ይመጣል፣ እኛ ተቀብለን እንጭናለን። አንድ ማክሰኞ የቀርከሃ እስር ጫፉን ይዤ ብስብ አልመጣ አለኝ። ቀና ብዬ ባይ ሌላውን ጫፍ የያዘች ልጅ ናት። «ልቀቂው እንጂ!» አልኳት። «መጀመሪያ እንደምን አደርሽ በል» አለችኝ። እስከ ዛሬም እንዲሁ ናት። «እንደምን አደርሽ» ስላት ለቀቀችው፣ እኔም ከነቀርከሃው በጀርባዬ ተዘረርኩ። የሁለቱም ወገን ወታደሮች ከት ብለው ሳቁ። ሁለቱ መንግሥታት ባንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ማክሰኞ እስኪደርስ እንቅልፍ አጣሁ። ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ አያ ቸኮል ይባላሉ፤ ከድልድዩ የአንድ ሰዓት መንገድ ራቅ ብለው የሚኖሩ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ከየሻረግ ሌላ ልጅ የሌላቸው፣ ደረታቸውን የሚያማቸው፣ ግን ፈረስ ላይ ሲወጡ ሃያ ዓመት የሚቀንሱ ሰው ነበሩ። መልሳቸው መጣ። «ባለጋሪ ነው ብዬ አልንቀውም። ነገር ግን ልጄን ጓሮ ለጓሮ እንደ ኮንትሮባንድ አልሰጥም። ያባቶቻችንን ወግ ይጠብቅ፤ በስልሳ ፈረስ መጥቶ ይውሰዳት» ብለዋል። ስልሳ ፈረስ! ጣሊያን በግዛቱ ከአምስት ፈረስ በላይ ባንድ ላይ ካየ ጦር ነው ብሎ ይዞ ያስራል። እንግሊዝ ለፈረስ ግድ አልነበረውም፤ ዳንግላ መቶም ብትሰበስብ የሚጠይቅህ የለም። ምን ዋጋ አለው፣ ሙሽራዋ ያለችው ወዲያ ማዶ ነው። ሽማግሌዎቹ «ወግ ነው፣ ምን እንበል» ብለው ራሳቸውን እየነቀነቁ ተመለሱ።

ሦስት ዓመት ሙሉ በየማክሰኞው አንድ ቀርከሃ ጫፍና ጫፉን ይዘን ተያየን። እሷን የሚጠይቅ ከዚያው ከወዲያ ማዶ ይመጣ ነበር፤ «ስልሳ ፈረስ አለው?» እያለች ትመልሰዋለች። እኔ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ልቤ ይፈራል። አያ ቸኮል እያደር እየከሱ፣ ሳላቸው እየጠና ሄደ። እሳቸው ሳይድሯት ካለፉ ነገሩ በአጎቶቿ እጅ ይገባል፤ አጎቶቿ ደግሞ ለባለጋሪ እንኳን ልጅ ቀዝቃዛ ውኃም የሚሰጡ ሰዎች አልነበሩም። በቃ አጣኋት ማለት ነው።

እንዲህ ሆነን ሳለ አንድ የገበያ ቀን ነጋሪት ተጎሰመና አዋጅ ተነበበ። ሁለቱ መንግሥታት ባሕር ማዶ ቁጭ ብለው ተደራድረዋል። አንዱ ወደብ ሰጠ፣ አንዱ ደሴት ጨመረ፣ ሚዛኑ አልደፋ ቢል እኛን ምርቃት አደረጉን። ዳንግላ ለጣሊያን፣ እንጅባራ ለእንግሊዝ! ኬላው ግን እዚያው ይቆያል። አንዲት ሽንኩርት የምትሸጥ ሴትዮ «እና ቅዳሜ ገበያ አለ ወይስ የለም?» ብላ ስትጠይቅ አዋጅ ነጋሪው ወረቀቱን ገልብጦ አየና «እሱን አይልም» አላት። ሰው ሁሉ ስለ ሽልንጉና ስለ ሊሬው ሲያወራ እኔ የማስበው ስለ ፈረስ ነበር። ክልከላው ቦታ ለወጠ እንጂ አልቀረም። አሁን ደግሞ አያ ቸኮል ዘንድ ፈረስ እንደ ልብ ሊሆን ነው፣ ፈረስ ይዤ መነሣት ያለብኝ እኔ ግን ልከለከል ነው። ጋሪዬ ላይ ቁጭ ብዬ ራሴን ያዝኩ።

ጓደኛዬ ሞላ፣ እሱም ባለጋሪ ነው፣ ኋላ ሚዜዬ የሆነው፣ መጣና ባለንጋው ጫፍ ነካ አደረገኝ። «አንተ፣ አዋጁን በደንብ አልሰማህም?» አለኝ። «ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሁለቱም በኩል ባንዲራ ይወርዳል። ያኛው ጦር ወዲህ ይመጣል፣ ይኸኛው ወዲያ ይሄዳል። አዲሱ የሚሰቀለው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ስምንት ሰዓት ሙሉ የማንም አይደለንም ማለት ነው! የማን ሕግ ነው ፈረስህን የሚቆጥረው?»

ዘልዬ አቀፍኩት። ለአያ ቸኮል ቅዳሜ እንደምንመጣ በቀርከሃ ተሸካሚዎች በኩል ላክሁባቸው፤ «ስልሳ ከሆነ ይምጣ» የሚል መልስ መጣ። ግን ስልሳ የሚጋለብ ፈረስ ከየት ይገኛል? ከየትም። ያለን የጋሪ ፈረስ ነው። አራት ቀን ሙሉ ከቤት ቤት እየዞርኩ ባለጋሪውን ሁሉ ለመንኩ፤ የአንዳንዱ እግር ላይ ሁሉ ወድቄያለሁ። አንዳቸውም እንቢ አላሉኝም፣ እግዜር ይስጣቸው፤ አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። ኮርቻ ያለን አሥራ ሁለት ብቻ ነበርን፣ ሌላው ጆንያና ብርድ ልብስ አጥፎ ጭኖ ወጣ። የጋሪው እንጨት የፈረሶቹን ትከሻ ልጦት ስለነበር ጠባሳው እንዳይታይ የየሚስቶቻችንና የየእህቶቻችንን መቀነት አንገታቸው ላይ አሰርንላቸው። ከሩቅ ሲታዩ፣ እውነቴን ነው፣ አያሳፍሩም ነበር።

ቅዳሜ አንድ ሰዓት ላይ ባንዲራው ሲወርድ አየን። አንድ ወታደር አጣጥፎ ብብቱ ሥር ሸጎጠው፣ ሰንደቁ ባዶውን ቀረ። የሚገርመው ሰማዩ ያው ነበር፣ ቁራውም ያው። እኛም እልል ብለን ወጣን። የእንግሊዝ ጦር ከነካሚዮኑ ከፊታችን ተነሥቶ ነበርና በአቧራው እየታፈንን ድልድዩ ድረስ ሄድን። ኬላው ተከፍቶ ጠባቂ የለበትም። ተሻግረን ብዙም ሳንርቅ ግን ቆምን። ከወዲያ የሚመጣው የጣሊያን ጦር ከፊት ለፊት ገጥሟል። እንግሊዝ ግራውን ይዞ ይሄዳል፣ ጣሊያን ቀኙን ይዞ ይመጣል፤ እስቲ አስቡት፣ ያው አንድ ጥግ እኮ ነው! ካሚዮን ከካሚዮን አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጥጠው ቆመዋል። የመንገዱ ሌላው ጥግ ባዶውን ተዘርግቷል፣ ዶሮ እንኳ የለበትም። መኮንኖቹ ወርደው ይጨቃጨቃሉ። መንገዱ በዚያ ሰዓት የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ ስለዚህ ማን ለማን ይልቀቅ?

«ይተፋጠጡ፣ እኛ በባዶው በኩል እንለፍ» አለ ሞላ። ለመናገርማ ቀላል ነው! ፈረሶቻችን ቀኝ አንይዝም አሉ። ልጓም ብንስብ፣ ብንለምን፣ ብንሳደብ፣ ወርደን ከኋላ ብንገፋ ወይ ፍንክች። ስልሳ ፈረስ ከእንግሊዝ ካሚዮኖች ጀርባ ግራውን ይዞ፣ ተራውን ጠብቆ ቆመ። ፀሐይ እየወጣች ነው። ሰዓቱ ይሄዳል። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን ልጅ አለቀስኩ፤ ዛሬ ምን ያሳፍረኛል፣ አለቀስኩ። ሞላ ግን ፈረሱን ሳር ለማስጋጥ ብሎ ከመንገዱ አወረደው። ፈረሱ ሜዳው ውስጥ ገብቶ ሣር ነጨ፣ ወደ ፊት ሄደ፣ ሲለው ወደ ቀኝ፣ ሲለው ወደ ግራ። ሞላ ዞሮ አየኝ። «ሣር ላይ እኮ ግራ የለም!» ብሎ ጮኸ። ሁላችንም ተከትለነው ወረድን። ሜዳውን ሞላነው። ሁለቱ ጦሮች መንገዳቸው ላይ ተገትረው እኛን ሲያዩ አንዱ የኛ ሰው ማቀንቀን ጀመረ፣ ሌሎቻችን ተቀበልን፤

ያኛው ጥሎን ሄደ፣ ይኸኛው አልመጣ፣
ባለቤት ሳይገኝ ሙሽራዬን ላውጣ።

አያ ቸኮል ደጃፍ ስንደርስ አምስት ሰዓት አልፏል። ሽማግሌው ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ጋቢያቸውን አደግድገው፣ አሥር ከሚሆኑ ሽማግሌዎች ጋር በፈረስ ሆነው ጠበቁን። እኛም ወጉ ነውና ሽምጥ ልንገባ ተነሣን። ይኸኔ ሴቶቹ እልል እያሉ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። በቃ! ስልሳውም ፈረስ ባንድ ጊዜ ቀጥ አለ። ሁለት ሰው በአንገት በኩል ወረደ። እኔ አፈር ልግባ እያልኩ ሳለሁ ሽማግሌዎቹ «አቤት ሥርዓት! አቤት የታረመ ፈረስ!» ብለው አጨበጨቡ። አያ ቸኮል ግን ፈረሳቸውን እያራመዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ በአንድ ተመለከቱን። ከዚያ «ስልሳ ነው። ልጄን አምጡ» አሉ። የሻረግ በጃኖ ተሸፍና ስትወጣ ዓይኗን ብቻ አየሁ፤ እየሳቀች ነበር።

ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተመረቀ። ስንመለስ አያ ቸኮል ድልድዩ ድረስ ልሸኛት ብለው አብረውን መጡ። መንገዱ ላይ የነበሩት ጦሮች እንደምንም ተላልፈው ሄደዋል። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ግን ዘጠኝ ሰዓት አልፎ አዲሶቹ ባንዲራዎች ተሰቅለዋል። ወዲህ በእንጅባራ ጥግ የእንግሊዝ ወታደር ከነአስተርጓሚው፣ ወዲያ በዳንግላ ጥግ የጣሊያን። አስተርጓሚው ወረቀቱን ይዞ «ሙሽራዋ የማን ዜጋ ናት?» አለ። «እስከ ዛሬ ጠዋት የጣሊያን ነበረች። ከዘጠኝ ሰዓት ወዲህ የእንግሊዝ ናት። ድልድዩን ስትሻገር ደግሞ ተመልሳ የጣሊያን ልትሆን ነው። የቱን ልጻፍ?»

«የቸኮል ናት ብለህ ጻፍ» አሉት አማቴ ከፈረሳቸው ሳይወርዱ።

«አያ፣ እሱን የሚጽፉበት ቦታ የለውም።»

«እንግዲያው ጠርዙ ላይ ጻፈው።»

አስተርጓሚው የኛው አገር ልጅ ነበርና ጎንበስ ብሎ ጠርዙ ላይ ጻፈው።

የወዲያኛው ወታደር ደግሞ አምስት ጣቱን አሳየን። ከአምስት ፈረስ በላይ ባንድ ላይ አይሻገርም፤ ለዚያውም ተጋልቦ አይደለም፣ ተስቦ። ስለዚህ ሰዎቻችን እየወረዱ አምስት አምስት ሆነው መሻገር ጀመሩ። የሻረግ ከሚዜዎቿ ጋር ራቅ ብላ ጥላ ይዛ ተቀምጣለች። እኔ የአማቴን ፈረስ ልጓም ይዤ ቆምኩ። እሳቸው አሁን በእንግሊዝ በኩል ናቸውና ፈረስ ላይ መቀመጥ ተፈቅዶላቸዋል።

«የጋሪ ፈረሶች ናቸው፣ አይደል?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ጎንበስ አልኩ። «አባቴ፣ ይማሩኝ…»

«መቀነቱ ምን ያረጋል? ሰው እጁን ሲያነሣ የሚቆም ፈረስ የት ጦር ሜዳ ነው የተማረው?» ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረና ቆየ። አምስት ፈረስ ተሻገረ። «መልሼ ልሰድህ እችል ነበር» አሉኝ።

«ለምን አልመለሱኝም?»

ሌላ አምስት ተሻገረ። «ስልሳ ያልኩህ እንዳታመጣ ነው» አሉ። «ወግ ብዬ የተናገርኩት ውሸት ነው። እኔ ራሴ እናቷን ያመጣሁ በአሥራ ሁለት ፈረስ ነው። አይሆንም ብል ታለቅስብኛለች፣ ይሁን ብል ይኸ ኬላ ይወስድብኛል፤ ዳግም አላያትም። ጣሊያን ፈረስ መከልከሉ ጠቀመኝ፣ ሦስት ዓመት አቆየልኝ። ዛሬ ግን ያን ሁሉ ባለጋሪ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ሲመጣ ሳይ፣ ይኸ ሰው ስንቱን ደጅ ጠንቶ ነው አልኩ። አፈርኩ።» ጢማቸው ረጥቧል። «ለእሷ እንዳትነግራት። አባቴ ወግ ጠባቂ ነበር ብላ ትኑር።»

«አልነግራትም» አልኩ። ያን ጊዜ አንድ ነገር አፌ ላይ መጥቶ ነበር። እንግዲያው ትቆይልዎት፣ ይኸን ክረምት እንኳ ትቆይልዎት ልል ነበር። ዋጥሁት። ወጣት ነበርኩ፣ ሦስት ዓመት ጠብቄያለሁ፣ ፈረሶቹም እያለቁ ነበር። የሻረግ መጥታ የአባቷን ጉልበት ሳመች። ራሷ ላይ እጃቸውን ጭነው በአገውኛ ረጅም ምርቃት መረቋት፣ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። በእግሯ ተሻገረች። እኔ የመጨረሻውን ፈረስ እየሳብኩ ዞር ብል ሽማግሌው ኮርቻው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው እያዩ ነበር።

በዚያው ክረምት አረፉ። የይለፍ ወረቀቱ እስኪፈረም፣ የተፈረመው እስኪተረጎም፣ የተተረጎመው እስኪታተም ለቀብር አልደረስንም። ለአርባቸው ደረስን። የሻረግ መቃብሩ ላይ ተደፍታ «አባዬ፣ እንኳን በወግ ዳርከኝ!» እያለች ስታለቅስ እኔ መግቢያ ጠፋኝ። ከዚያ በኋላ ጊዜው ሄደ። ዳንግላ ሻይ ቤቷ ማኪያቶ ማፍላት ተማረች፣ ፈረሶቼም በስንት መከራ ቀኝ መያዝ ለመዱ። ኋላም ሁለቱ መንግሥታት አንዱ ቀድሞ ሌላው ተከትሎ አገሩን ለቀው ሄዱ፣ ኬላው ተነቀለ፣ ሽልንጉም ሊሬውም የልጆች መጫወቻ ሆነ። እኛ ስድስት ወለድን፣ ሁለት ቀበርን። በዚህ ሁሉ መካከል ግን ሠርግ ሄደን በመጣን ቁጥር «የኔን አባት የመሰለ ወግ አዋቂ የለም» ትለኛለች፣ እኔም «የለም» እላለሁ። ያስፈራኝ ቃሌን ማፍረሱ አልነበረም። እውነቱን ብታውቅ፣ ምነው በቀረሁለት ኖሮ ትላለች ብዬ ነበር የምፈራው። አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያ ብላ ብታየኝ ያን ሁሉ ዘመን ምን አደርገዋለሁ?

በቀደም ግን ያ የፈረስ ሽታ ምን እንዳደረገኝ እንጃ። ወደ ጥዱ ተመለስኩ፣ አጠገቧ ቁጭ አልኩ፣ ነገርኳት። ስልሳውን ለምን እንዳሉ፣ ድልድዩ ላይ ምን እንዳሉኝ፣ እኔም ትቆይልዎት ማለት እየቻልኩ ዝም እንዳልኩ፣ አንዱንም አላስቀረሁ። ሜዳው ላይ ወጣቶቹ ይጋልባሉ፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። የሻረግ ዓይኗን ከፈረሶቹ አላነሣችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«ሽማግሌ የላክህ ዕለት ጓዳ ሆኜ ስሰማ ነበር። እናቴ በስንት ፈረስ እንደመጣች አክስቶቼ ስንት ጊዜ አውርተውልኛል! ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ብገባ፣ አባዬ ጥፋት እንዳጠፋ ልጅ ዓይኔን ማየት አቃተው። አሳዘነኝ። ዝም አልኩት።»

«ምነው የሻረግ! ታዲያ ለኔ እንኳ አትነግሪኝም? ሦስት ዓመት ሙሉ በየማክሰኞው ስንገናኝ? ያን ሁሉ ሰው እግር ላይ ስወድቅ?»

አሁን ዞር ብላ አየችኝ። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና እጄን ያዘች።

«ብነግርህ ታዝንለትና ትቀርብኝ ነበር» አለችኝ።